ጭረቱን ላጠፋ ብዬ ሲሊንደሩን ያሰፋሁበት ታሪክ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ክረምት ሞተር ሳድስ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ «ተው፣ እጅህን ሰብስብ» ቢለኝ ኖሮ የሁለት ወር ደመወዜ ኪሴ ውስጥ ይቀር ስለነበር ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1994 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ሲሆን የሲሊንደሩ ስፋት 81፣ በውስጡ ወጥቶ የሚወርደው የፒስተን ምት (የሚመላለስበት ርቀት) ደግሞ 77 ሚሊሜትር ነው። ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ነበር፤ በየ800 ኪሎ ሜትሩም አንድ ሊትር ዘይት ትበላ ነበር።

ሞተሩን ማውረድና መፍታት ቅዳሜንና እሑድን ፈጀ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብረት ወደሚቆረጥበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፣ የቫልቭ ጎማዎቹ ተቀየሩ፣ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸው ብሮንዚኖችም አዲስ ገቡ። ሲሊንደሮቹን ባለ ሰዓት የውስጥ መለኪያ ተውሼ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት በሁለት አቅጣጫ ለካሁ፤ ሁሉም 81.03 አካባቢ ነበሩ። ከፒስተኖቹ ጋር ያለው ክፍተት የሞተሩ የጥገና መመሪያ ከሚፈቅደው አላለፈም። ስለዚህ አሮጌዎቹን ፒስተኖች መልሼ፣ አዲስ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ሆኖ ግፊትና ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋውን የብረት ቀለበት) አድርጌ፣ ግድግዳውን ደግሞ በሆኒንግ ድንጋይ በቀላሉ አሻክሬ ልገጥም ወሰንኩ። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁትን ዛሬም ብደግመው አንዲት ነገር አልለውጥም።

ጥፋቱ የተፈጸመው ፒስተኖቹን ስመልስ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የቢዬላው (ፒስተኑን ከሥር ካለው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ሁለት ብሎኖች ከቢዬላው ጋር ተጠብቀው የተተከሉ ስለሆኑ ፒስተኑ ከላይ ወደ ታች ሲገባ ጥርሳቸው ፊት ለፊት እየመራ ይወርዳል። መመሪያው ብሎኖቹን በአጭር የጎማ ቱቦ ሸፍን ይላል። እኔም አንደኛውንና ሁለተኛውን ሳስገባ ከአሮጌ የቤንዚን ጎማ ቆርጬ ሸፍኜ ነበር። በሦስተኛው ላይ አንደኛዋ የጎማ ቁራጭ ከእጄ አምልጣ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እኔም ጎንበስ ብዬ መፈለግ ሰነፍኩና አንዱን ብሎን ራቁቱን ተውኩት። ፋሻዎቹን በመጨመቂያው አስሬ፣ የፒስተኑን ራስ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልኩ ስመታ መካከል ላይ ያዘኝ፤ ከሥር ገብቼ ቢዬላውን ማቅናት ሲገባኝ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ መታሁት። የተሰማኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ምስማር በሰሌዳ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ፒስተኑን መልሼ ሳወጣው ከሲሊንደሩ አፍ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ እስከ ታች ድረስ የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት በጭስ ማውጫው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ተሰምሮ አገኘሁት። ስፋቱ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም። ጥፍሬን ባሳለፍኩበት ቁጥር ግን ቀጭ ይል ነበር፤ እኔም ያበድኩት በዚያች ቀጭታ ነው።

አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ መካኒክ ነው። ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየና «ዝም ብለህ ግጠመው» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ግን «እኔ ስንቱን እንዲህ ገጥሜያለሁ» ከማለት በስተቀር ምክንያት አልሰጠኝም። መመሪያውን ገለጥኩ። መመሪያው ቀጥ ያሉ ጭረቶች መኖራቸውን በዓይን እይ፣ ጥልቅ ጭረት ካለ አራቱንም ሲሊንደሮች አስቦርድ (በማሽን አስፋ)፣ ካስፈለገም ብሎኩን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተሩን አካል፣ ቀይር ይላል። ጥልቅ ማለት ስንት እንደሆነ አልጻፈም። ለብሎን ማጥበቂያ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያም 90 ዲግሪ ብሎ በዝርዝር የሚያዝ መጽሐፍ፣ ሰውን ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚዳርገውን ነገር በአንድ ቅጽል ማለፉ እስካሁን ያናድደኛል።

እኔ የመረጥኩት ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ከሁሉም የከፋውን። ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ልፈግፍገው አልኩ። ሦስት ድንጋይ ያለውን ሆኒንግ ድሪል ላይ አስሬ፣ ቀጭኑን ድንጋይ በሻካራው ተክቼ፣ ዘይት እያንጠባጠብኩ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሠርቼ ስጠርገው ጭረቱ ሳሳ። ደስ አለኝ፤ ቀጠልኩ። ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች በእኩል ፍጥነት ማመላለስ ሲገባ፣ ዓይኔ ጭረቱ ላይ ስለተተከለ፣ ጭረቱ በሚበረታበት በመካከሉ ላይ እየቆየሁ ነበር። በማግሥቱ ማታም ሠራሁ። ጭረቱ የእርሳስ መስመር መሰለ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ያኔ ነው፣ በሁለት ምሽት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መለኪያውን መልሼ ያስገባሁት። ከላይ 81.05፣ ከመካከል 81.12፣ ከታች 81.06። በርሜል ሠርቼ ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ልብ በሉልኝ። ሲሊንደር በማሽን ተቦርዶ ለመጨረሻው ማለስለሻ ለሆኒንግ የሚተወው ትርፍ ከ0.02 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ይህንንም ያው መመሪያ በግልጽ ጽፎታል። እኔ በእጅ ድሪል 0.09 አንሥቻለሁ፤ ያውም ከአንድ ስፍራ። ፋሻ እንዲህ ባለ ሲሊንደር ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ በእያንዳንዱ ምት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ፒስተኑም መካከል ላይ ሲደርስ ይንቋቋል። ሊጎዳ የማይችል አንድ ጭረት የነበረበትን ሲሊንደር፣ ምንም ዓይነት ፋሻ ሊያድነው ወደማይችል ጉድጓድ ለወጥኩት።

ብሎኩን አስጭኜ ቶርኖ ቤት ስወስደው ሲሊንደር ለሚቦርዱት አዛውንት አሠራሬን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውርደው በጣታቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ ጥፍርህን የያዘው ጥልቀቱ መሰለህ?» አሉኝ። ብረት በብረት ሲጫር እንደ ማረሻ ፈር ነው፤ መካከሉ ሲጎደጉድ አፈሩ ግራና ቀኝ ይከመራል። ጥፍሬን ቀጭ ያደረገው፣ ፋሻንም ሊበላ የሚችለው ያ የተከመረው ከንፈር ነው። እርሱን በጣም በለዘበ ጠፍጣፋ የዘይት ድንጋይ ወይም በዘይት በራሰ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ በጭረቱ ርዝመት ሳይሆን በሲሊንደሩ ዙሪያ በቀስታ ጠርጎ ማስተኛት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ማለቁን ለማወቅም በጥፍር ሳይሆን ጥቂት ጥጥ በጭረቱ ላይ በመጎተት ይታያል፤ ጥጡ ክር ካልተወ ከንፈሩ የለም።

«ጋሼ፣ የቀረው ጉድጓድስ? ግፊት አያሳልፍም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከመደርደሪያቸው ላይ አንድ ፋሻ አንሥተው ሁለቱን ጫፎች አሳዩኝ። ይህ ፋሻ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባም በጫፎቹ መካከል 0.30 ሚሊሜትር ያህል ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በዚያ ክፍተት ይሠራል። ከፀጉር የማይሰፋ አንድ ጭረት የሚያሳልፈው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ዘይትም ሞልቶት ይቀመጣል። ጓደኛዬ ልክ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱን ቢያውቅና ቢነግረኝ ኖሮ እሰማው ነበር፤ ወይም እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ከመመሪያው ይለያል። ጭረቱ አንድና ቀጭን ከሆነ፣ በላይኛው ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ፋሻው ከፍተኛ ግፊት ይዞ በሚመለስበት ስፍራ ላይ ካልሆነ፣ ከንፈሩን አስተኝታችሁ ተዉት። ጭረቶቹ ብዙ ከሆኑ፣ ወይም ሞተሩ ሞቆ ተጣብቆ የፒስተኑ አሉሚኒየም ግድግዳው ላይ ከተለሰነ፣ ወይም የፒስተኑ ፒን ወጥቶ ሰፊ ቦይ ከቆፈረ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ያኔ ማስቦርድ ግድ ነው።

ለእኔም ግድ ሆነብኝ። በመካከሉ ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ብሎክ ላፈላልግ አስቤ ነበር። ነገር ግን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ብሎክ መቀየር ቁጥር ማስቀየርንም ያስከትላል። ምን እንደሚያስፈልግ ልጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ከሦስት መስኮት ሦስት የተለያየ መልስ ሰጡኝ፤ አንደኛው ማመልከቻ፣ ሁለተኛው የግዢ ደረሰኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ነገ ተመለስ። አልተመለስኩም።

በ0.50 ትርፍ ልክ፣ ማለትም ከመደበኛው በ0.50 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ ፒስተን አራት ገዛሁ። ፒስተኑን ሳትይዙ ብሎኩን አታስቦርዱ፤ ቦራጁ እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ ሲሊንደሩን ለእርሱ ይከፍታል እንጂ በካርቶን ላይ በተጻፈ ቁጥር አይሠራም። ካርቶን እንደማይታመን ደግሞ በፋሻው አየሁት። 0.50 ተብሎ የተሸጠልኝን ፋሻ ከመግጠሜ በፊት ባዶ ሲሊንደር ውስጥ አስገብቼ ሳየው ጫፎቹ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተራርቀዋል። ውስጡ ያለው መደበኛው ልክ ነበር። ሻጩ መልሶ ለወጠልኝ፤ ጥፋቱን ግን የካርቶኑ አደረገው።

ከተቦረደ በኋላ ስለማጠብ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጋራዥ ብሎክን በቤንዚን አጥቦ በአየር ነፍቶ ይገጥማል። ቤንዚን ዘይቱን ይወስዳል እንጂ በግድግዳው ሥንጥቆች ውስጥ የገባውን የድንጋይ ዱቄት አያወጣም፤ ያ ዱቄት ደግሞ አዲሱን ፋሻ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይጨርሰዋል። የሚሠራው ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ብሩሽ ነው። እኔ ከቤት በአራት ማንቆርቆሪያ ውኃ እያፈላሁ አጠብኩ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክሬ ግድግዳውን ስጠርግ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ እንደገና አጠብኩ፤ በአራተኛው ጨርቁ እንደ ነጣ ቀረ። እርጥብ ሲሊንደር ዓይናችሁ እያየ ይዝጋልና ውኃው እንደ ደረቀ ወዲያው ዘይት ቀቡት።

በዚህ ጊዜ ስምንቱንም የቢዬላ ብሎኖች በጎማ ሸፍኜ ነው ያስገባሁት፤ ፒስተኑ በያዘኝ ቁጥርም መዶሻውን አስቀምጬ ከሥር ገብቼ አየሁ። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ 6,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ ዘይቷ በሁለት ለውጥ መካከል ከመለኪያው ላይ የሚታይ ቅናሽ አላሳየም፣ ጭስም የለም። የሚቆጨኝ ግን አለ። በመመሪያው ላይ ለዚህ ሞተር የሰፈረው ትርፍ ልክ 0.50 ብቻ ነው፤ ይህ ብሎክ አንድ ጊዜ ለመታደስ የነበረውን ዕድል ገና ሳያስፈልገው እኔ ተጠቀምኩበት። ልካቸው ያላለፈ አራት መደበኛ ፒስተኖች ካርቶን ውስጥ አልጋዬ ሥር አሉ፤ ያቺ የጎማ ቁራጭም ጠረጴዛውን ሳዘዋውር ተገኝታ አብራቸው ተቀምጣለች።