ኦዲሲ፣ እቁብና የእኔ ቤዝመንት

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ይገባችኋል። እዚህ ዲሲ ዙሪያ ሐበሻ ሙዚቀኛ ሞልቷል። በሙዚቃ ብቻ የሚኖረው ግን በጣት ይቆጠራል። ሌላው ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ይጫወታል። እኔ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ቀን ቤዝመንት ውስጥ ቢት (ራፕ የሚባልበትን ሙዚቃ) እሠራለሁ፣ ራፕ እጽፋለሁ፣ ለሌሎች ዘፋኞችም አቀናብራለሁ።

«ማንን አይተህ ነው በራሴ እሠራለሁ ያልከው?» ይሉኛል። የሚጠብቁት ስም ራፐሩን ኒፕሲ ሀስልን ነው። ልክ ናቸው፣ ኒፕሲ ለእኛ ትውልድ ትልቅ ሰው ነው። አባቱ ኤርትራዊ ነው። በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) «ክሬንሾው» የተባለውን ሥራውን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቀና 1,000 ሲዲ ደግሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። በ2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲገደል እዚህም ያለቀስን ብዙ ነን። እኔን መንገድ ያሳየኝ ግን ከዚሁ ከሜሪላንድ የወጣ ሰው ነው። ኦዲሲ ይባላል፤ ራፐርም አቀናባሪም ነው።

የቤት ስሙ አሚር ሞሐመድ ነው። በ1985 ተወለደ፤ ያደገው እዚሁ አጠገባችን፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ነው። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በልጅነቱ የበጋ ዕረፍቱን ካርቱም፣ በአባቱ ቤተሰቦች ቤት ያሳልፍ ነበር። የእኔም አባት አሜሪካ የገባው በሱዳን አድርጎ ስለሆነ ካርቱም የሚለው ስም ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። መጀመሪያ የሳበኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጎረቤቱ ፓርላመንት ፈንካዴሊክ የሚባለው የፈንክ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ጋሪ ሻይደር ነበር። ኦዲሲ ቀረጻ የጀመረው የዚያ ሰውዬ ቤዝመንት ውስጥ ነው። በ2002 በታዋቂው ዲጄ ጃዚ ጄፍ አልበም ላይ ሥራው ሲወጣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ አልቸኮለም። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር ሳይሆን ሜሎ ሚውዚክ ግሩፕ ከሚባል ኢንዲፔንደንት ሌብል (ራሱን የቻለ ትንሽ ሙዚቃ አሳታሚ) ጋር ለዓመታት ሠራ። በ2011 ያወጣው «ሮክ ክሪክ ፓርክ» ከሞላ ጎደል ግጥም የሌለው፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። እኔ ማታ ማታ ተሳፋሪ ይዤ የማቋርጠው ፓርክ ነው! በመኪና ስፒከር እዚያው መንገድ ላይ ስሰማው ከተማው ሌላ መሰለኝ። በ2015፣ በ2017 ሌሎች አልበሞች ተከተሉ። ቢቱን ራሱ ይሠራል፣ ግጥሙን ራሱ ይጽፋል፣ ባንድ ይዞ አውሮፓን ይዞራል። ቆይቶ አውተር ኖት የሚባል የራሱን ሌብል አቋቋመ። በየሬዲዮው ቀን ከሌት የሚጮኽ ዘፈን የለውም። በሙዚቃው ግን ይኖራል። ለእኔ ከዚህ በላይ ስኬት የለም።

ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ሌላ ሥራ ነው። እኛ ቤት የሚታወቀው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ነርሲንግ ትገባለህ፣ ወይ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥተህ ትራክ ትነዳለህ። ታላቅ አጎቴ አንድ እሁድ ቡና ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ልጅ፣ አዝማሪ ልትሆን ነው አሜሪካ ድረስ የመጣኸው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። አዝማሪነት የሚያሳፍር ነገር ሆኖ እንደማያውቅ ግን ዛሬም አምናለሁ።

አባቴን ያሳመንኩት በሸክላ ነው። የድሮ ሸክላ ነፍሱ ነው። አምሃ እሸቴን ጠቀስኩበት። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ዘመን፣ በ1969 ወጣቱ አምሃ በራሱ ገንዘብ ውጭ አገር አሳትሞ ገበያ ላይ አዋለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ደርግ ሲመጣ ተሰደደ፤ የመጣውም እዚሁ ዋሽንግተን ነው፣ ምግብ ቤት ከፈተ። ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ የሚባሉት የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች ዓለምን ሲያዳርሱ የእሱ ሸክላዎች ከዋናዎቹ ምንጮች አንዱ ነበሩ። ለአባቴ «እኔም የምፈልገው ይኼንን ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እሱማ ነጋዴም ነበር» አለኝ። ነጥቡን ይዞታል። በራስ መሥራት ግማሹ ንግድ ነው።

ስቱዲዮዬን ያቆመልኝ እቁብ ነው። ከሹፌሮቹ ጋር የምጥለው እቁብ ሲደርሰኝ ማይክ፣ የድምፅ ካርድና ሁለት ስፒከር ገዛሁ። ባለቤቴ የመኪናውን ጎማ አስታወሰችኝ፤ ጎማው ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። እሷ ያን ቀን እምቢ ብትል ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

የንግዱን ነገር ወጣቶቹ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ትንሽ ልበል። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። ግጥሙና ዜማው አንድ፣ የተቀረጸው ድምፅ፣ ማለትም ማስተሩ፣ ሌላ። ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባለው ድርጅት ከሳተላይትና ከኢንተርኔት ሬዲዮ የሚሰበስበውን ገንዘብ ሲያከፋፍል 50 በመቶ ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎቹ ይሰጣል። ማስተሩ የራስህ ከሆነ ሁለቱም ድርሻ አንተ ኪስ ይገባል፤ ከሸጥከው ግማሹ ሄደ። ሙዚቀኛ ሥራውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ፣ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፣ ቀሪው የክፍያ ወጪ ተቀንሶለት ለአንተ ነው። ስፖቲፋይ በበኩሉ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ስለዚህ በሺህ ከሚቆጠር መንገደኛ አድማጭ ይልቅ ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛህ ጥቂት ሰው ይበልጣል።

ይህን በማወቄ ነው አንድ ፕሮሞተር ዘፈኔን ጠቅልዬ ልግዛህ ሲለኝ ያልፈረምኩት። ውሉ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር፤ ማስተሩን ለዘላለም ይወስዳል። ገንዘቡ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይሸፍን ነበር። እንዲያም ሆኖ ወረቀቱን መለስኩለት። «ማን መሰልክ?» አለኝ። ቃሉ አናደደኝ፣ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እዚህ አገር ስንት ሐበሻ ዘፋኝ እንዲህ ተብሎ ልፋቱን በቡና ገንዘብ እንደሰጠ አውቃለሁ።

አሁን የያዝኩት ሥራ ላይ አባቴ ከሚወደው ሸክላ የማሲንቆ ቁራጭ ሳምፕል ልወስድ፣ ማለትም ድምፁን ቆርጬ ሥራዬ ውስጥ ላስገባ፣ ፈልጌ ነበር። ለዚያ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከማስተሩ ባለቤት፣ አንዱ ከደራሲው ወገን። አቅሜ አልፈቀደም። ስለዚህ በየሠርጉ የሚጫወት አንድ ጋሼ ለመንኩና ቤዝመንት መጥቶ አዲስ ዜማ ተጫወተልኝ። ጥር ነበር። ማሞቂያው ይጮኻል፣ ማይኩ ይሰማዋል፤ ስለዚህ አጠፋነው። ጋሼ ካፖርቱን አላወለቀም። ክሩ በብርዱ እየከዳው በየመሐሉ ይቃኛል፣ ደጋኑን ሙጫ ያሻል፣ እንደገና ይጀምራል።

ችክችካው በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ ራፕ ብዙውን ጊዜ በአራት አራተኛ ነው። እኔ ሁለቱን የችክችካ ባር (የምት ዙር) እንደ አንድ የራፕ ባር እቆጥራለሁ። የድራሙ ኪክና ስኔር አራቱ ምት ላይ ይወድቃሉ፣ ከበሮው በመሐል ሦስት ሦስት እያለ ይጋልባል። ግጥሜንም ሦስት ሦስት ቃል እያደረግኩ ስገባበት ጋሼ ቀና አለና «እንዲህ ነው እንዴ ራፕ የምትሉት? ይኼማ ፉከራ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። በዓመታት ውስጥ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኼ ነው።

ማሞቂያውን መልሰን ከፈትንና ሻይ እየጠጣን ወረቀቱን አወጣሁ። ዜማው የእሱ፣ ግጥሙ የእኔ፣ ድርሻው እኩል። ማን ምን ያህል እንዳለው ከስቱዲዮ ሳንወጣ መጻፍ አለበት። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና ፈረመ። አንድ ኮፒም ለልጁ እንዲሰጥ ጠየቀኝ። ማክሰኞ ዕለት ዘፈኑን በሁለታችን ስም አስመዘገብኩት።