ካትሱ ሳንዶ በቤት ስትሠሩ ሥጋውን አድርቁት

ካትሱ ሳንዶ (የጃፓን የተጠበሰ ሥጋ ሳንድዊች) ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዘይት ከማሞቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ምግቡን የሚያበላሸው ዘይቱም ዳቦውም አይደለም። ሥጋው ላይ የቀረው ውሃ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ዶሮ አላባክንም ነበር።

የምኖረው ቶኪዮ ነው። እዚህ ካትሱ ሳንዶ በየሱፐርማርኬቱ አለ። ለስላሳ ነጭ ዳቦ፣ መካከሉ በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ የተጠበሰ ወፍራም ሥጋ፣ ከላዩ ጠቆር ያለ ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ሶስ። መነሻው ኡዌኖ አካባቢ በ1930 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኢሴን የተባለ ምግብ ቤት ነው ይባላል። የሰፈሩ ጌሻዎች (በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሴቶች) የከንፈር ቀለማቸው ሳይነካ እንዲጎርሱት በትንንሹ ይቆረጥ ነበር አሉ። ዋናው የአሳማ ነው። እኔ አሳማ ስለማልበላ በዶሮ ደረት እሠራዋለሁ። ጃፓኖቹም በዶሮ ይሠሩታል፤ ጎደለብኝ የምትሉት ነገር የለም።

የታጠበውን ደረት ሰንጥቃችሁ ዘርጉት፣ ውፍረቱ እኩል እስኪሆን ቀጥቅጡት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። እስከዚህ ቀላል ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ያየኋቸው የአሠራር መመሪያዎች ሁሉ "ሥጋውን ጠረግ አድርጉ፤ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ፍርፋሪ" ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ ቤት ግን ዶሮ ጠረግ ተደርጎ አይታለፍም። በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። የአሜሪካም የእንግሊዝም የጤና ተቋማት ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላሉ፤ የሚረጨው ውሃ ባክቴሪያውን በየቦታው ያዳርሳል ነው ምክንያታቸው። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ያልታጠበ ዶሮ ግን አልበላም። ስለዚህ ቧንቧ ሥር ሳይሆን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀስ ብዬ አጥባለሁ፤ ከዚያ ማጠቢያውን በሳሙናና በፈላ ውሃ አጸዳለሁ።

የታጠበ ዶሮ ጠረግ ጠረግ ስለተደረገ አይደርቅም። ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፤ ዱቄቱ ሲያርፍበት ግን ከሥሩ ይላቁጣል። ዘይት ውስጥ ሲገባ ያ ውሃ እንፋሎት ይሆንና ሽፋኑን ከሥጋው ይገፋዋል። ከላይ ሲያዩት ወርቃማ ነው፣ ያምራል። ቢላ ሲያርፍበት ሽፋኑ እንደ ካፖርት ወልቆ ይቀራል። ለእንግዳ ያዘጋጀሁት እንደዚያ ሆኖብኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል። "ጠረግ አድርጉ" ብሎ የጻፈው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምን ነበረበት?

መፍትሔው ጊዜ ነው። የታጠበውን ዶሮ በወጥ ቤት ወረቀት ጨምቃችሁ አድርቁ። ከዚያ ሳትሸፍኑት ፍሪጅ ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሌላ ምግብ አርቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላዩ ደርቆ እጅ ያዝ ያደርጋል።

ሁለተኛው ነገር፣ ዱቄትና እንቁላል ለየብቻ አትጠቀሙ። ብዙ የጃፓን ቤቶች አንድ እንቁላል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አንድ ላይ መትተው ሥጋውን እዚያ ይነክሩታል። ይህ ሊጥ ሥጋውን አጥብቆ ይይዛል። ፍርፋሪውን በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉና አሥር ደቂቃ አሳርፉት። ፓንኮ (ሻካራው የጃፓን የዳቦ ፍርፋሪ) የማይገኝበት አገር ያላችሁ የነጭ ዳቦ ቅርፊቱን አንሱና ውስጡን በመፈቅፈቂያው ሻካራ በኩል ፈቅፍቁት። ደቃቁ የፓኬት ፍርፋሪ ይቅርባችሁ፤ እንደ ፓንኮ አይንኮሻኮሽም።

ዘይቱ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን። የመጀመሪያውን ደቂቃ አትንኩት፣ አታገላብጡት። ዶሮው ውስጡ በ75 ዲግሪ ለአንድ ደቂቃ መብሰል አለበት የሚለውን የጃፓን መመሪያ ግን ሳልከራከር እቀበላለሁ። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ግዙ።

"ትኩሱን ዳቦ ውስጥ አስገቡ" የሚሏችሁን አትስሙ። እንፋሎቱ ዳቦውን ያርሰዋል። በሽቦ መደርደሪያ ላይ አሥር ደቂቃ ይረፍ። ዳቦውን ቅቤና ትንሽ ሰናፍጭ ቀቡ፤ ቅቤው ሶሱ እንዳይሰርግ ይከላከላል። ሥጋውን ሶስ ውስጥ ነክራችሁ አስገቡ፣ ቀለል ያለ ሳህን ለአምስት ደቂቃ ጫኑበት፣ ከዚያ ጠርዙን ቆርጣችሁ ለሦስት ክፈሉት። በእያንዳንዱ ቆረጣ ቢላውን ጥረጉ።

ጥቅል ጎመን የምትጨምሩት ወዲያው የሚበላ ከሆነ ብቻ ነው። ለነገ ምሳ ከሆነ ጎመኑን ለብቻው ያዙት፤ ውሃ ያወጣል።