ውሉ 1,500 ይላል፣ ባንኩ 4,000

ሴትዮዋ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሱ የሚተዳደሩ ናቸው። ክስ ወደምንጽፍበት ክፍል ሲገቡ ውላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነበር። ሽምብጥ ሰፈር ለተከራዩት ቤት በወር 4,000 ሒሳብ የ6 ወር 24,000 ብር አስቀድመው ከፍለዋል። ሁለት ወር እንደኖሩ አከራዩ ቁልፍ ቀይሮ፣ ዕቃቸው ውስጥ እንዳለ በሩን ዘጋባቸው።

ውሉ ግን «በወር 1,500 ብር» ይላል።

«ግብር እንዳይበዛብኝ ነው ብሎ ለመነኝ። ደላላው ሰምቷል፣ ይመስክርልኝ!»

«እትዬ፣ ፈርመውበታል እኮ። የተፈረመ ጽሑፍ በምስክር በቀላሉ አይፈርስም።»

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2005 እና 2006 የሚሉት ይህንኑ ነው። ተከራይ በብዛት የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ግብሩን የሚያተርፈው አከራዩ፣ ኪሳራው የተከራዩ። የቀሪው 4 ወር ተመላሽ በ1,500 ቢሰላ 6,000፣ በ4,000 ቢሰላ 16,000 ብር ነው።

«ብሩን በእጅ ነው የሰጡት?»

«ግማሹን በእጅ። ግማሹን ልጄ በስልኳ ላከችለት።»

የባንኩ ቅርንጫፍ ሄደው ማህተም ያረፈበት የሒሳብ መግለጫ አመጡ (የስልክ ስክሪን ፎቶ ብቻውን ለክርክር ይጋለጣል)። 12,000 ብር፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የ3 ወር ቤት ክራይ»። ውሉን እንደገና ገለጥነው። ግርጌው ላይ «የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብያለሁ» የሚል አለ፣ የአከራዩ ፊርማ ከሥሩ። ስንት ወር እንደተከፈለ ውሉ ይናገራል፣ ወሩ በስንት እንደሆነ ባንኩ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፍን። የዚሁ ሕግ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም ከማለት በፊት ማስጠንቀቅን ይጠይቃል፤ ይህን ዘለው ክስ የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። በሁለት ምስክር ፊት ተሰጥቶት ቅጂው ላይ ቀን ተጻፈበት። ከዚያ ክሱ፣ የማስረጃ ዝርዝሩ፣ የተዘጋባቸው ዕቃ ዝርዝር፣ በሩ እንዲከፈት የትእዛዝ አቤቱታ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ገባ። አከራይ በራሱ ሥልጣን በር መዝጋት አይችልም፤ ተከራይን የሚያስወጣ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ክፍያ ለማይችል በደሃ ደንብ መክሰስ አለ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

«ፖሊስ ጋ ሄጄ ላሳስረው» ብለው ነበር። የወንጀል ሕጉ 692 ማታለልን ይቀጣል። ግን ያንን አንቀጽ የምንጠቅሰው የሰው ቤት የራሴ ነው ብሎ ያከራየን፣ ወይም አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው ሰጥቶ ከሁለቱም የተቀበለን ስናገኝ ነው። የእሳቸው አከራይ የቤቱ ባለቤት ነው፣ ኖረውበታልም፤ ጉዳዩ የውል ነው።

መልስ እንዲሰጥ በተቀጠረበት ቀን አከራዩ ለስምምነት መጣ። ቤቱን ከፈተ፣ 16,000ውን በባንክ መለሰ። ዓሣ ሳይጠብሱ የዋሉባቸው ቀናት ግን ስምምነቱ ውስጥ አልገቡም፤ የዕለት ሽያጫቸውን የጻፉበት አንድም ወረቀት አልነበራቸውም።