ቆርኪ፣ የቁጥር መስመርና የኢንቲጀር ክለሳ

ሰባተኛ ክፍል ላይ ኢንቲጀሮችን፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሙሉ ቁጥሮችን ከዜሮ ጋር፣ አስተምሮ ወደ ክለሳ መግባት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፣ መልመጃውም መጽሐፉ ላይ አለ። እኔ ግን ከሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ ይልቅ አብዝቼ የማስብበት ይህንን ክለሳ ነው፤ ምክንያቱም ኔጋቲቭ ቁጥር መደመርና መቀነስ ያልጠራለት ልጅ ኋላ እኩልታ ሲማር የሚሰናከለው ኤክሱ ላይ ሳይሆን ምልክቱ ላይ ነው። ሰሞኑን እዚህ ደሴ በማስተምርበት ክፍል ክለሳውን በጨዋታ አካሂጄው ነበርና ያየሁትን ሳይረሳኝ ላስፍረው።

የክፍል ጨዋታ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ጥያቄና መልስ ነው። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል፣ ይጨበጨብለታል። ድምቀቱን አልጠላውም፤ ነገር ግን የሚመልሱት ዘወትር የሚመልሱት ልጆች ናቸው፣ ኋላ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ልጅ −3 − 2 መልሱ 5 ነው ብላ እንደምታምን ማንም ሳያውቅ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በእኔ እምነት ለክለሳ የሚጠቅመው ጨዋታ ስሌቱ ራሱ የጨዋታው እርምጃ የሆነበት፣ ልጁ ሳያሰላ ሊጫወተው የማይችለው፣ ቢሳሳትም ስህተቱ ጓደኛው ፊት ገሃድ የሚወጣበት ነው።

ለዚህ ከቆርኪ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ካርታም ይሆን ነበር፤ ጥቁሩን ፖዘቲቭ፣ ቀዩን ኔጋቲቭ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ ካርታን ከቁማር ለይቶ ስለማያየው ልጆቹን ከወላጆቻቸው ጋር ማጋጨት አልፈልግም። ቆርኪ ግን ፒያሳ አካባቢ ካሉ ግሮሰሪዎችና ሻይ ቤቶች ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይሰጣል። ጀርባው ወደ ላይ ሲሆን +1፣ ሆዱ ወደ ላይ ሲሆን −1 ይባላል፤ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ ሲገናኙ ዜሮ ይሆኑና ጥንዱ ይነሣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጥንታውያን ቻይናውያንም በቀይና በጥቁር ዘንጎች ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ለይተው ያሰሉ ነበር።

ሁለት ሁለት ሆነው 10 ቆርኪ በትነው ድምሩን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ጥቂት ዙር እንደሄዱ አንድ ልጅ ድንገት ቀና ብሎ፣ «ቲቸር፣ ጎዶሎ ቁጥር ለምንድን ነው የማይመጣው?» አለ። እውነቱን ነው፤ በ10 ቆርኪ ድምሩ 4 ወይም −6 ሊሆን ይችላል እንጂ 3 ሊሆን አይችልም፤ አንዱን ቆርኪ በገለበጥን ቁጥር ድምሩ የሚለወጠው በ2 ነውና። ይህንን እኔ አልነገርኳቸውም፤ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ ራሳቸው ደረሱበት፤ ጥያቄና መልስ ብናደርግ ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር።

ከሁሉም የቆየሁበት መቀነሱ ላይ ነው። 3 − (−2) ሲመጣ ሦስት ፖዘቲቭ ቆርኪ ይደረደርና ሁለት ኔጋቲቭ አንሡ ይባላል፤ የሚነሣ ኔጋቲቭ ግን የለም። ዝምተኛ የምትባል አንዲት ተማሪ ቆርኪዎቹን ትክ ብላ ካየች በኋላ ሁለት ጥንድ ዜሮ ጨመረች፤ ድምሩ ያው 3 ነው። ከዚያ ሁለቱን ኔጋቲቮች አነሣች፤ አምስት ፖዘቲቭ ቀረ። አጠገቧ የነበረው ልጅ «መቀነስ እያለ እንዴት ይጨምራል?» ብሎ ሲሟገታት መልሳ ከመጀመሪያው ደርድራ አሳየችው፤ እኔም አልገባሁባቸውም።

ልጆቹ ተሸክመውት የሚመጡት «ሁለት ኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ጥፋት ያደርሳል። ለማባዛት እውነት የሆነውን ለመደመርም ያውሉትና −3 + (−2) 5 ነው ይላሉ። ብራህማጉፕታ የተባለው ሕንዳዊ የሒሳብ ሊቅ በ628 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እነዚህን ሕጎች ሲጽፍ ፖዘቲቩን ሀብት፣ ኔጋቲቩን ዕዳ ብሎ ነበር፤ ልጆቻችንም ይህንን ቶሎ ይረዱታል። ከሰፈር ሱቅ በዱቤ 3 ብር ወስዶ ደግሞ 2 ብር የወሰደ ሰው 5 ብር እንዳተረፈ የሚናገር ልጅ የለም።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ እንደሚሠሩት በጠመኔ ረጅም የቁጥር መስመር አሰመርኩ፤ ፖዘቲቩ ወደ ጦሳ ተራራ እንዲያመራ አደረግሁት። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ፊቱን ወደ ጦሳ አድርጎ ይቆማል፤ ምልክቱ መደመር ከሆነ እንዳለ ይቆያል፣ መቀነስ ከሆነ ይዞራል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ፖዘቲቭ ከሆነ ወደፊት፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ወደኋላ ይራመዳል። መቀነስም ኔጋቲቭም ሲገጥመው ዞሮ ወደኋላ ሲሄድ ወደ ጦሳ መቅረቡን እግሩ ይነግረዋል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ጠዋት ላይ ልጆቹ ለመራመድ አይለመኑም። ማሳረጊያው ላይ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ መሆናቸውን ነግሬ ልዩነታቸውን ጠየቅሁ፤ 2,500 − (−120) ብለው ጽፈው 2,620 ያሉት ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነበሩ።

ማባዛት ላይ ቆርኪው ብዙም አይራመድም። 3 × (−2) ሦስት ጊዜ ሁለት ኔጋቲቭ ማስቀመጥ ነው፤ (−3) × (−2) ግን ከዜሮ ጥንዶች ላይ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ኔጋቲቭ ማንሣት ስለሚሆን ጠረጴዛው በቆርኪ ይሞላና ልጆቹ ሐሳቡን ይስቱታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰሌዳውን መረጥሁ፤ 3 × (−2)፣ 2 × (−2)፣ 1 × (−2)፣ 0 × (−2) እያልን ስንወርድ መልሱ −6፣ −4፣ −2፣ 0 እያለ በ2 እንደሚጨምር አይተው (−1) × (−2) ምን መሆን እንዳለበት እነሱ ሞሉት። ማካፈልን ከማባዛት ለይቶ በጨዋታ መከለስ አስፈላጊ አይመስለኝም፤ −12ን ለ−3 ለማካፈል «በ−3 ሲባዛ −12 የሚሰጠው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሕጉን ይዞታል። ለሚቀጥለው ሳምንት ቆርኪዎቹን ወደ 11 ከፍ አድርጌ ዜሮ የሚባል ድምር ሊመጣ ይችል እንደሆነ ሳይበትኑ እንዲገምቱ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ።