ዚንኩ ለምን አልተበላም?

ባለፈው ሳምንት ባለሸራ ጀልባችንን ባሕር ዳር ላይ ከጣና ጎትተን ስናወጣት ዚንኩ፣ ማለትም ሌላውን ብረት ከዝገት እንዲጠብቅ ጀልባዋ ላይ የታሰረው ቁራጭ (አኖድ)፣ እንዳለ ነው። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን መሪውን በእጄ ስዳብሰው ብረቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል!

የአኖድ ሥራው ለሌላው ብረት ሲል መበላት ነው፤ ካልተበላ ሥራ ፈቷል ማለት ነው። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፣ ዚንክ ደግሞ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቅርፊት ይለብስና ይተኛል። ስለዚህ በማግኒዚየም ቀየርነው። ከዚንክ በግማሽ ቮልት ያህል ይበረታል።

ስታስሩት ከስር ያለውን ብረት እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። አኖዱን ግን በፍጹም ቀለም እንዳትቀቡት፣ ቀለም ከለበሰ መከላከሉን ያቆማል። ግማሹ ሲያልቅ ቀይሩት። የደንገል ታንኳ ያላቸው ወንድሞቻችን ብረት ስለሌላቸው ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው።