ከምስሉ በፊት ገጹን

እንደ እኔ አስተያየት የብር መታሰቢያ ሳንቲም ደረጃ የሚታወቀው ምስሉ ስለጎላ ሳይሆን ገጹ ስላልተነካ ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያው መታሰቢያ ሳንቲም፣ የኮሎምበስ ግማሽ ዶላር፣ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1893 ለቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት ተመትቶ በአንድ ዶላር ይሸጥ ነበር። ካልተሸጠው ብዙው ቀለጠ፤ የተረፈው በሃምሳ ሳንቲምነቱ ገበያ ገብቶ ከኪስ ኪስ ዞረ። ስለዚህ ያረጀው እንደ ልብ ይገኛል። ጭንቁ ያልተነካውን በጥቂቱ ከተነካው መለየት ነው።

ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ ከሥር ለስላሳ ጨርቅ አንጥፎ፣ በአንድ አምፑል ብርሃን ቀስ እያሉ ማዘንበል። ያልተነካ ብር ላይ ብርሃኑ በጨረር ተከፍሎ ሳይቋረጥ ይዞራል። በኮሎምበስ ቅንድብና ጉንጭ ወይም በጀርባው በመርከቡ ሸራ ላይ ተቋርጦ ግራጫ ጥላ ከታየ፣ ሳንቲሙ አገልግሏል፤ ከ70 የደረጃ ነጥብ ቢበዛ 58 ያገኛል። መስመሩ ደብዝዞ ብርሃኑ ካልተቋረጠ ግን ሲመታ ማተሚያው በደንብ አላረፈበትም ማለት ነው። የ1923ቱ የሞንሮ ግማሽ ዶላር ብዙ ሰው የሚያሳስተው ምስሉ ከመነሻው ዝቅ ብሎ ስለተቀረጸ ነው። አይዛክ ስኮት ሃታወይ በቀረጸው የቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሳንቲም ላይ ደግሞ፣ ገና ሳይመታ ብሩ የነበረበት ጭረት ጉንጩ ላይ ሳይጠፋ ይቀራል፤ ከረጢት ውስጥ የተጫረ ይመስላል።

የሚያናድደኝ የታሸ ሳንቲም ነው። በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በቤኪንግ ሶዳ የተፈተገ ብር ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ በ5 እጥፍ ማጉያ ሲታይ ግን በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ሞልተውታል። ጥቁረቱን መተው ይሻላል። ፒቪሲ ያለበት የፕላስቲክ ኪስ ያመጣውን አረንጓዴ ዝልግልግ ግን ዝም ማለት አይቻልም፤ ብሩን ይበላዋል። በንጹሕ አሴቶን፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከእሳት አርቆ፣ በመስታወት ዕቃ ነክሮ ማውጣት ነው። ማሸት የለም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሌላ ነገር ስለተቀላቀለበት አይሆንም።

ሐሰተኛውን ለመለየት፦ የእውነተኛው ግማሽ ዶላር ክብደት 12.5 ግራም፣ ስፋቱ 30.6 ሚሊ ሜትር ነው። ውሃ የያዘ ብርጭቆ በሚዛን ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ዜሮ ማድረግ፤ ከዚያ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስሮ፣ ታቹን ሳይነካ ውሃው ውስጥ ማንጠልጠል። ሚዛኑ 1.21 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት። ያረጀ ሳንቲም ክብደቱ ስለሚቀንስ ቁጥሩም አብሮ ይቀንሳል፤ የደረቅ ክብደቱ በዚህ ቁጥር ሲካፈል ግን ወደ 10.3 መምጣት አለበት።