ቴሌፖርትን ካጠፋን በኋላ፦ የጨዋታን ዓለም የሚያሰፋው የመንገዱ ርዝመት ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ፣ የአክስቴ ልጅ በሚያስተዳድረው ኢንተርኔት ቤት፣ በውስጥ ኔትወርክ ብቻ የሚሠራ የማይንክራፍት ሰርቨር አቋቁሜ አስተዳድራለሁ፤ ማይንክራፍት ብሎክ በሚባሉ ኩቦች በተሠራ ዓለም ውስጥ የሚገነባበትና የሚጓዝበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ በብዛት የአካባቢው ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከካዛንቺስና ከፒያሳ ከሥራ መልስ ጎራ የሚሉ አዋቂዎችም አሉ። ሰርቨሩ ሲጀመር ኢሴንሻልስ የተባለው ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ስለነበረው ማንኛውም ተጫዋች አንዲት አጭር ትእዛዝ ጽፎ ወደ ቤቱ፣ ወደ ገበያው ወይም ወደ ጓደኛው በቅጽበት መድረስ ይችል ነበር። ይህን ቴሌፖርት የሚባል ፈቃድ ከሁሉም ላይ ያነሣሁት አስቤበት ነው፤ በኦንላይን ጨዋታ አፍቃሪዎች መካከል ለዓመታት ሲያከራክር የኖረውን ጥያቄ፣ ማለትም በዝግታ መጓዝ የጨዋታውን ዓለም ያሰፋዋል ወይስ ተጫዋቹን ያሰለቸዋል የሚለውን፣ በማውቃቸው ሰዎች መካከል በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ክርክሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። ኤቨርኩዌስት የተባለው የኦንላይን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው ለመሻገር ወደብ ላይ ቆሞ መርከብ መጠበቅ የተለመደ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ በአስማት የሚያሻግሩ ተጫዋቾችን ፈልጎ ይከፍላል። በ2002 በወጣው ማስፋፊያ (የጨዋታው ተጨማሪ ክፍል) በየከተማው አቅራቢያ በቅጽበት የሚያሻግሩ መጻሕፍት ሲተከሉ ግን የመርከቡም የአሻጋሪዎቹም ሥራ በአብዛኛው ቀረ። ሌላው የኦንላይን ጨዋታ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 ሲጀምር ተጫዋቹ ፈረስ ለመግዛት 40ኛ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ በአብዛኛው በእግሩ ይሄድ ነበር፤ በ2007 በአዲሱ ምድር ላይ፣ በ2010 ደግሞ በነባሮቹ አህጉራት ላይ መብረር ተፈቀደ። በ2014 የወጣው ማስፋፊያ መብረርን ሲከለክል፣ በተከታዩ ዓመትም አዘጋጆቹ ክልከላው እንደሚጸና ሲያስታውቁ፣ የተነሣው ቁጣ በሳምንታት ውስጥ ሐሳባቸውን አስለወጣቸው። እነዚህን ታሪኮች ሳነብ ሁለቱም ወገኖች እውነት እንዳላቸው፣ ነገር ግን የሚናገሩት ስለተለያዩ መንገዶች እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ሰርቨሩ ይህን አረጋገጠልኝ።

በካርታችን ላይ ገበያው ካለበት ሜዳ እስከ ተራራው መንደር ድረስ 3,000 ብሎክ ያህል ርቀት አለ። በማይንክራፍት አንድ ሰው በመደበኛ እርምጃ በሰከንድ 4.3 ብሎክ ገደማ ስለሚሄድ ጉዞው ወደ 12 ደቂቃ ይወስዳል። የጨዋታው ሙሉ ቀንና ሌሊት 20 ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ብርሃን ያለው ቀን 10 ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዲህ ንጋት ላይ ከገበያው የተነሣ ሰው ሳይሮጥ ከሄደ፣ ተራራውን ከፊቱ እያየ ጀምበር ትጠልቅበታለች፤ ዞምቢዎችና ቀስተኛ አጽሞችም የሚወጡት በዚያው ሰዓት ነው። ይህ ግጥጥም ማንም ሳያዝዝ አንድ ነገር ወለደ። ሁለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ከወንዙ ማዶ፣ ሰው በሚመሽበት ቦታ ላይ፣ አራት አልጋና አንድ ምድጃ ያለው ቤት ሠርተው ለአዳሪ ዳቦ እየሸጡ ማስተናገድ ጀመሩ። ቴሌፖርት በነበረበት ጊዜ ያ ቦታ ማንም ረግጦት የማያውቅ ባዶ ሣር ነበር። አሁን ስም አለው፤ ሰዎችም እዚያ ይቀጣጠራሉ።

ይሁን እንጂ ከገበያው በስተምሥራቅ ያለው የበረሃው መንገድ ርዝመቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ምንም አልወለደም። አንድ ቀን ከኋላ ቆሜ አንዱን ልጅ ስመለከተው፣ የግራ እጁ ጣት የመሄጃውን ቁልፍ ተጭኖ እንደያዘ፣ በቀኝ እጁ ስልኩን ይዞ ሌላ ነገር ያያል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ቀና ብሎ በስክሪኑ ጥግ ላይ የተጻፈውን የቦታ ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ የፈለገው ላይ ሲደርስ ስልኩን አስቀመጠ፤ ጨዋታው ለእርሱ የጀመረው ያኔ ነው። በዚያው ሰሞን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተጫዋቻችን ጠርታኝ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ እስኪቀል የምቀመጠው አንድ ሰዓት ነው፤ ግማሹን በረሃ ለበረሃ ስኳትን ካሳለፍኩት መቼ ልጫወት ነው?» አለችኝ። ቅሬታዋ ትክክል ነበር። የዝግታ ጉዞ ደጋፊዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትዕግሥት የለውም ብለው የሚመልሱት መልስ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ትዕግሥት የሚጠየቀው ትዕግሥቱን የሚክስ ነገር ሲኖር ነው።

ሁለቱ መንገዶች የተለያዩት ለምንድን ነው? በወንዙ መንገድ ላይ ተጓዡ በየጊዜው መወሰን አለበት፤ ልደር ወይስ ልቀጥል፣ በድልድዩ ወይስ በጀልባ፣ ብቻዬን ወይስ ሌላ ሰው ጠብቄ። በበረሃው ላይ ግን የሚወሰን ነገር የለም፤ ቁጥር እስኪሞላ መጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃዬ ርቀቱን ሳልነካ ቁጥሩን ማንሣት ሆነ። በማይንክራፍት ውስጥ ሪዲዩስድ ዲበግ ኢንፎ የሚባል ደንብ አለ፤ ሲበራ ኤፍ 3 ተጭኖ የሚታየው የቦታ ቁጥርና የአቅጣጫ መረጃ ይጠፋል። ካደረግኋቸው ለውጦች ሁሉ ዓለሙን ከምንም በላይ ያሰፋው ይህ ነው፤ ቴሌፖርቱን ከማጥፋት እንኳ ይበልጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤቱን ሲጠቁም የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይጠራም፤ ከቤተክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ነው የሚለው። ቁጥሩ ሲጠፋ ልጆቹ ወዲያው በዚሁ መንገድ ማውራት ጀመሩ። ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው፣ «ሁለቱ ጥዶች ጋ ስትደርስ ፀሐይዋን ወደ ኋላህ አድርጋት፤ የተሰነጠቀው ድንጋይ ሲታይህ ወደ ግራ ውረድ» ሲባባሉ ይሰማል። በበረሃው ላይም ምልክት የሚሆን ነገር ስላልነበረ ራሳቸው የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች ተከሉ፤ ማማው ላይ ችቦ ስለሚደረግ በሌሊት ከሩቅ ይታያል። እኔም የሰርቨሩን የዕይታ ርቀት ከ10 ቸንክ ወደ 6 ቸንክ፣ ማለትም ከ160 ብሎክ ወደ 96 ብሎክ ዝቅ ሳደርገው፣ ማሽኑ ከመቅለሉም በላይ በማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት በጥንቃቄ የሚለካ ነገር ሆነ። ስልኩን እያየ የሚጓዘው ልጅ ስልኩን አስቀመጠ፤ ካላስቀመጠ ይጠፋልና።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት ስለ ዕቃ ነው። ሁሉም ሰው በቅጽበት ሁሉም ቦታ መድረስ ሲችል በካርታው ላይ አንድ ዋጋ ብቻ ነበር። ቴሌፖርቱ ከጠፋ በኋላ ግን አሸዋ የሞላበት የበረሃው መንደር መስታወት እያቀለጠ ተራራ ላይ ላሉት በውድ መሸጥ፣ የተራራው ሰዎችም ብረታቸውን ማውረድ ያዙ። ኢቭ ኦንላይን የተባለው የጠፈር ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ከ5,000 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች ያሉት በመሆኑ የጨዋታው ዋና ገበያ በሆነው በጂታ ርካሽ የሆነውን ዕቃ ራቅ ወዳለ ቦታ አጓጉዞ በመሸጥ ብቻ የሚተዳደሩ ተጫዋቾች አሉት። ኢቭ ሌላም ነገር ያስተምራል። ግዙፍ የጦር መርከቦች ከካርታው ዳር እስከ ዳር በአጭር ጊዜ እየዘለሉ በየጦርነቱ መገኘት ሲችሉ ትንንሾቹ ቡድኖች መላወሻ አጡ፤ አዘጋጆቹም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 እያንዳንዱ ዝላይ የሚያደክምበትንና ቀጣዩን የሚያዘገይበትን ሥርዓት አመጡ። በእኛም ሰርቨር ላይ ጠንካራው ቡድን በአንድ ምሽት ሦስቱንም መንደር ማስጨነቁን የተወው መንገዱ ሲረዝምበት ነው። ርቀት ለደካማው አጥር ይሆናል፤ ስለ ዝግታ ጉዞ ሲከራከሩ ይህን የሚያነሡ ሰዎች ማነሳቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

መንገድን ማሳጠር በራሱ ዓለምን አያሳንስም፤ ወሳኙ ያሳጠረው ማን እንደሆነ ነው። ልጆቹ ከገበያው እስከ ተራራው ሐዲድ ለመዘርጋት ሲነሡ አልከለከልኳቸውም። 6 ብረት 16 ሐዲድ ስለሚያወጣ ለ3,000 ብሎክ ከ1,100 በላይ ብረት ያስፈልጋል፤ ለማፍጠኛው የሚሆነው ወርቅ ሳይቆጠር። ሁሉም ተባብረው ዘረጉት። ጋሪው በሰከንድ 8 ብሎክ ስለሚሄድ ጉዞው ወደ 6 ደቂቃ ወረደ፤ በላዩ ተቀምጦ የሚሠራ ነገር ባይኖርም ሲያማርር የሰማሁት ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ያቀለጠው ብረት የትኛው ድልድይ ላይ እንዳለ ያውቃልና። ኔዘር የተባለውን የጨዋታውን የእሳት ዓለምም ክፍት ተውኩት፤ በዚያ አንድ ብሎክ መሄድ በላይኛው ዓለም 8 ብሎክ ቢሆንም፣ የቀለጠው አለትና አውሬው ጉዞውን በቂ ዋጋ ያስከፍሉታል። የዘጋሁት ኤንድ የተባለውን የጨዋታውን ሌላ ዓለም ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ኤሊትራ የተባለው ክንፍ በርችት ሲገፋ መንገዱንም፣ ማማውንም፣ ማደሪያውንም ከንቱ ያደርጋል።

ሰርቨር ለሚያቋቁም ሰው አንድ የተደበቀ ነገር ልጠቁም። ተጫዋች ሲሞት አልጋው ላይ ስለሚነሣ ሞት ራሱ ቴሌፖርት ነው። ኪፕ ኢንቬንቶሪ የሚባለው ደንብ በርቶ ከሆነ ተጫዋቹ ዕቃው ስለማይወድቅበት ገደል ፈልጎ ይዘላል፤ ቢጠፋም እንኳ ዕቃውን ሣጥን ውስጥ ቆልሎ የሚዘል አይጠፋም። ደንቡን አጥፍቼ ቀሪውን ለቀቅ አድርጌዋለሁ፤ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ለመመለስ የፈለገ ሰው ይመለስ።

ለባንክ ሠራተኛዋና መሰሎቿ ያገኘሁት መፍትሔ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከነበረው የቤት መመለሻ ድንጋይ የተቀዳ ነው፤ ያ ድንጋይ መጀመሪያ በ60 ደቂቃ አንዴ ብቻ ይሠራ ነበር። በኢሴንሻልስ ቅንብር ውስጥ ቴሌፖርት ኩልዳውን የሚለውን (በአንዱና በቀጣዩ ቴሌፖርት መካከል ያለውን ጥበቃ) 3,600 ሰከንድ አድርጌ የቤት ትእዛዙን ብቻ መለስኩ። ሄዶ መድረስ በእግር፣ መመለስ ግን በትእዛዝ ሆነ። መሄጃው አዲስ ነገር የሚገኝበት በመሆኑ ዝግታው አይባክንም፤ መመለሻው ግን ያንኑ መንገድ መድገም ስለሆነ ከእርሷ ሰዓት ላይ መቀነስ አያስፈልገውም። እርሷም አሁን በምሽቷ አንድ ጭነት መስታወት ተራራ ላይ አድርሳ፣ ሸጣ፣ በአንዲት ትእዛዝ ቤቷ ገብታ ወደ ታክሲ ትወጣለች። ለቀጣዩ ካርታ የያዝኩት ዕቅድ መንደሮቹን በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ወንዝ ወይም አንድ ሸንተረር እንዲኖር አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ምንም የማይወሰንበት ሜዳ ካለ ግን ርቀቱን ራሴ አሳጥረዋለሁ።